ሰባት ጊዜ ቁጭ ብድግ ያለው ሙሽራ

ወርቅአገኘሁን የሰበረችው ሚስቱ ናት ይባላል። በሠርጋቸው ቀን ሊሸከማት ብድግ ሲያደርጋት ወገቡ ሁለት ቦታ ተቆረጠና ሙሽራው በቃሬዛ፣ ሙሽሪት በእግሯ ቤት ገቡ ይባላል። ወሬው ከጠባሴ ሲነሳ ሙሽሪቷ ቤዛ ሰማንያ ኪሎ ነበረች። መናኸሪያ ስትደርስ ዘጠና አምስት ገባች። ደነባ ላይ መቶ አሥር ደፈነች፤ ሰላ ድንጋይ ስትደርስማ የሙሽሮቹ መኪና ጎማ ሳይቀር ፈንድቷል። ወሬ ቁልቁለት ካገኘ ፍሬን እንደበጠሰ አይሱዙ ነው፤ የሚያቆመው ገደል ብቻ ነው።

ውሸት ነው። ቤዛ በሠርጓ ቀን ስልሳ አራት ኪሎ ነበረች፤ ቬሎው፣ ጫማውና ፀጉሯ ላይ የተሰካው ጌጥ ተደምሮ ስልሳ ስምንት ቢሆን ነው። ስልሳ ስምንት ኪሎ ደግሞ ለወርቅአገኘሁ ምኑ ነው? በዚያ ልክ የሆነ ብረት እያነሳ ከሰው ጋር ስለ እግር ኳስ የሚከራከር ሰው ነበር። ወገቡም በሠርጉ ቀን አልተጎዳም። ሠርጉ ሃያ ቀን ሲቀረው የተጎዳ ወገብ ነው። ይህን ከእሱ ሌላ የሚያውቅ በከተማው አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ ያም ሰው አፉን ያዘ። ለደብረ ብርሃን ይህ ራሱ ተአምር ነው።

ወርቅአገኘሁ የተወለደው ከአንኮበር በታች ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ወደ ደብረ ብርሃን ወጥቶ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ገባ፤ መጋዘን ውስጥ የታሰረ ብርድ ልብስ እያነሳ መኪና ላይ ሲጭን አሥራ አራት ዓመት ሞላው። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ፣ ሸክም ያነሰው ይመስል፣ ጠባሴ ወደሚገኘው የኃይለኢየሱስ ጂም ይሄዳል። ጂሙ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ግማሹ ብረት ከሱቅ የተገዛ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተነቀለ የማርሽ ጥርስ ኪሎው በነጭ ቀለም ተጽፎበት ነው። ወርቅአገኘሁ እዚያ አሰልጣኝ ነው። ሸሚዝ የሚገዛው በክንዱ ልክ ስለሆነ ሆዱ ላይ ድንኳን ይሆንበታል።

ደግ ሰው ነው፤ አንድ ክፉ አመል ብቻ ነበረበት። ወገቤን አመመኝ ያለ ሰው ካገኘ አይለቀውም። «ወገብ የሚባል በሽታ የለም፤ ስንፍና ነው ወገብ ላይ የሚወጣው» ይል ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ጎንበስ ብለው የሚሄዱ ጠና ያሉ ሠራተኞች ሲያልፉ «ምን ጠፍቶባችሁ ነው መሬት መሬት የምታዩት?» እያለ ጓደኞቹን ያስቃል። እግዜር ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር፤ ግን ታጋሽ ነው፣ እስከ ገና ማግስት ቆየው።

የገና ማግስት ጠዋት የደብረ ብርሃን ብርድ ብረቱን እጅ ላይ የሚያጣብቅበት ሰዓት ነበር። የጂሙ ልጆች ከጾም ወጥተው፣ በልተውና ጠጥተው፣ ጉልበት ሊፈትኑ ተሰብስበዋል። ወርቅአገኘሁ ሰውነቱን ሳያሟሙቅ ካፖርቱን እንደለበሰ ዳር ቆሞ ያያል። የጂሙ ባለቤት ኃይለኢየሱስ ባሩ በሚባለው የብረት ዘንግ ላይ መቶ ሰማንያ ኪሎ ደረደረና፣

«ሙሽራው! ጉልበትህን ለሠርጉ ቆልፈህበት ነው?» አለው።

«ተው፣ ዛሬ በልቻለሁ።»

«እሱማ እኛም በልተናል። ልዩነቱ እኛ አናገባም።»

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ወርቅአገኘሁ ካፖርቱን አውልቆ ሄደ። ሌላውን ሰው «ወገባችሁን አታጉብጡ፣ ደረታችሁን ቀና አድርጉ» እያለ ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ የዚያን ቀን እንደ ቀስት ጎብጦ ብረቱን ከመሬት አላቀቀው። ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ከወገቡ በታች «ቀጭ» አለ። ድምፁን የሰማው እሱ ብቻ ነው፤ የቀሩት ጭብጨባቸውን ነበር የሚሰሙት። ብረቱን አስቀመጠ። ሳቀም።

በማግስቱ ጫማውን ማሰር አቃተው። ሲያስነጥስ ከወገቡ ተነስቶ በቀኝ ጭኑ፣ በባቱ፣ እስከ ትንሿ የእግር ጣቱ ድረስ መብረቅ ይወርዳል። ለማንም ሳይናገር ወጌሻው አባባ ዘሥላሴ ቤት ሄደ። ሽማግሌው ዳሰሱትና «በቀኝ እግርህ ጣት ላይ ቁም» አሉት። ተረከዙ ከመሬት አልነሳ አለ። አባባ ዘሥላሴ ቅባት የነካውን እጃቸውን በፎጣ ጠረጉ።

«ልጄ፣ ወለምታ ቢሆን አሸዋለሁ፣ ውልቃት ቢሆን እመልሳለሁ። ይሄ ግን ነርቭ ነው። እጄን ባሳርፍበት አጠፋሃለሁ። ሐኪም ቤት ሂድ።»

«ከሠርጉ በኋላ እሄዳለሁ፣ አባባ።»

«ሐኪም ሠርግ ይከለክላል እንዴ?»

«ልጆቹ ይስቁብኛል። አደራ፣ ለማንም እንዳይናገሩብኝ።»

«እንግዲያውስ አንተን ያመመህ ወገብህ አይደለም» አሉና በሩን ከፈቱለት። አደራውን ግን ጠበቁ።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ወርቅአገኘሁ ከሱፉ ሥር ሰፊ የብረት አንሺ ቀበቶ ታጥቆ፣ ከፋርማሲ የገዛውን ማስታገሻ ውጦ ወጣ። ሙሽራ ሙሽሪትን ከመኪናው እስከ ድንኳኑ ይሸከማል፤ ይህ የአገር ወግ ነው። የኃይለኢየሱስ ጂም ደግሞ በወጉ ላይ የራሱን ወግ ጨምሮበታል፤ ያገባ አባል ሁሉ ሙሽሪቱን እንደታቀፈ አሥር ጊዜ ቁጭ ብድግ ይላል፣ ልጆቹ በጭብጨባ ይቆጥራሉ። ኃይለኢየሱስ በራሱ ሠርግ አሥራ ሁለት ሠርቷል፤ ይህንንም ባጃጅ ሲሳፈር ለሾፌሩ ሳይቀር ይናገራል።

«አንድ! ሁለት! ሦስት!»

አምስት ላይ ቤዛ የባሏ ላብ አንገቷ ላይ ሲወርድ ተሰማት። ቀዝቃዛ ላብ ነበር።

«ወርቄ፣ ይበቃል፣ አውርደኝ።»

«ዝም በይ፣ እየቆጠሩ ነው።»

ሰባት ላይ ቁጭ አለ፤ ብድግ ግን አልመጣም። ሲወድቅ እሷ ከላይ እንድትሆን ጀርባውን ለመሬት ሰጠ፤ ቬሎዋ እንኳን አልቆሸሸም። ይህን ማንም አላየለትም። ቀልድ መስሏት እየሳቀች ተነሳች። እሱ አልተነሳም።

ከዚያ በኋላ ያለው አልጋ ነው። የጂሙ ልጆች እየመጡ «ጠንካራ ጣውላ ላይ ተኛ፣ እንዳትነቃነቅ» ብለው መከሩት፤ ሃያ ስድስት ቀን ተኛ። በየቀኑ መጸዳጃ ቤት የምታደርሰው ቤዛ ነበረች። ጋቢ በብብቱ ሥር አሳልፋ፣ አንድ ጉልበቷን አልጋው ጠርዝ ላይ ተክላ፣ «በስመ አብ» ብላ ትስበዋለች። ዘጠና አምስት ኪሎ ሰው ነው። የሚጮኸው እሱ ነው፤ ከእሷ ድምፅ አይወጣም። ፊቱን አጥባው፣ ምሳውን አጠገቡ አስቀምጣ፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

የካርድ ክፍል መስኮት ደግሞ ከተማው ሁሉ የሚያልፍበት ነው። ሰዉ ካርዱን ይቀበልና ዓይኑን ወደ ክንዷ ይልካል። «ሰባሪዋ እሷ ናት» ይላል አንዱ ለሌላው፣ ሹክ የሚል መስሎት። ሰፈር ውስጥም ስሙ ወጣላት። ቤዛ ለማንም መልስ አልሰጠችም፤ እራቷን ብቻ ተወች። ወርቅአገኘሁ ሲጠይቃት «ጠግቤያለሁ» ትላለች፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ «ጾም ነው» አለች። ጾሙ ምሽት ላይ ይፈታል፤ የእሷ አልፈታ አለ። ቀለበቷ ከጣቷ ሲንሸራተት እያየ ወርቅአገኘሁ አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል። መጀመሪያ ለስሙ ብሎ ነበር ዝም ያለው። በኋላ ግን ዝምታው ራሱ ከበደው፤ በየቀኑ አንድ ጥርስ እየተጨመረበት የሚሄድ ባር ሆነበት።

በመጨረሻ በመኪና ኋላ ወንበር አጋድማ ሐኪም ቤት የወሰደችው እሷ ናት። አዲስ አበባ ተልኮ ኤምአርአይ ተነሳ። ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አሳያቸው፤ በሁለት አጥንቶች መሃል እንደ ትራስ የሚያርፈው ዲስክ ወደ ኋላ ወጥቶ ወደ እግሩ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። «ሽንት መቆጣጠር ካቃተህ ወይም እግርህ እየደከመ ከሄደ ሮጠህ ና፣ ያኔ ኦፕራሲዮን ነው። ያለበለዚያ አብዛኛው ሰው በእንቅስቃሴ ይድናል» ብሎ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከው።

ፊዚዮቴራፒስቷ ማኅደረማርያም ትባላለች። የወርቅአገኘሁን ግማሽ የማታህል፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት።

«ማነው ይሄን ሁሉ ቀን ተኛ ያለህ?»

«ሁሉም ሰው፣ ዶክተር።»

«ዶክተር አይደለሁም። ሁሉም ሰው የት ነው የተማረው?»

ቤዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሠርጓ ወዲህ ሳቀች። ማኅደረማርያም ካርዱን አወጣች።

«ሕመሙ መቼ ጀመረህ?»

ወርቅአገኘሁ ሚስቱን አየ። «በሠርጌ ቀን» አለ።

ቤዛ አንገቷን ደፋች። ቀስ ብላም፣ «እህቴ፣ እኔ ስንት ኪሎ ብሆን ነው ከዚህ በኋላ እሱን የማልጎዳው?» ብላ ጠየቀች። እየቀለደች አልነበረም።

ማኅደረማርያም ሜትር አውጥታ የሁለት እግሮቹን ባት ለካች። የቀኙ ሟሽሿል። ቤዛ መድኃኒት ልታመጣ ስትወጣ ጠብቃ፣

«ባት በዚህ ልክ እስኪሳሳ ጊዜ ይፈልጋል። የሠርጉ ቀን ብቻውን አይመስለኝም» አለችው። «ቀኑን በእርሳስ ነው የጻፍኩት። ማረም የአንተ ፋንታ ነው።»

የዚያን ቀን ግን አላረመውም።

ያን ዕለት የተማረው ነገር ከአልጋ መነሳት ነበር። በጎኑ ተንከባሎ፣ እግሩን አውርዶ፣ በክርኑ መሬት እንደሚገፋ ሰው አልጋውን ገፍቶ ራሱ ተነሳ። «ከዛሬ ጀምሮ አታነሺውም» አለቻት ማኅደረማርያም ለቤዛ። ከዚያ በሆዱ ተኝቶ በክርኑ ደረቱን ቀና ማድረግ፤ ከዚያ አምስት ደቂቃ በእግር፣ ከዚያ አሥር። ሕመሙ ከእግር ጣቱ ወደ ባቱ፣ ከባቱ ወደ ጭኑ መሸሽ ጀመረ። ወገቡ ላይ ሲሰበሰብ ደንግጦ «ባሰብኝ» ብሎ መጣ። «እሰይ! ወደ መጣበት እየተመለሰ ነው። እግርህን ለቆ ሲሄድ ደግ ነው» አለችው።

ጎንበስ ማለትን እንደ አዲስ ተማረ። «ለጳጳስ እጅ እንደምትነሳ፣ ከዳሌህ እንጂ ከወገብህ አትታጠፍ» ብላ ጀርባው ላይ ዱላ እንዲያስደግፍ ነገረችው። አማቱ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ከአንኮበር ሊጠይቁት መጥተው ይህን ሲያዩ መቋሚያቸውን ትተውለት ሄዱ። መቋሚያ ጀርባው ላይ አጋድሞ መስተዋት ፊት እጅ ሲነሳ ያየ ሰው መነኮሰ ብሎ አወራ፤ እሱ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ጠዋት ጠዋት ሲራመድ የሚያገኛቸው እነዚያው ቀድሞ የሚስቅባቸው ጎንበስ ያሉ ሰዎች ነበሩ። አንዳቸውም አልሳቁበትም። መንገድ ላይ የተነቀለ ድንጋይ ያሳዩታል፣ ዳገት ላይ ይጠብቁታል። አንድ ቀን «እስከዛሬ ስላላገጥኩባችሁ ይቅርታ» ሲላቸው «ሰምተንህ ነበር እንዴ?» አሉት። ሰምተውት ነበር።

ሆሳዕና ሰሞን ጫማውን ራሱ አሰረ። አስሮ፣ ፈትቶ፣ መልሶ አሰረ። በሕይወቱ መቶ ሰማንያ ኪሎ አንስቶ ያልወጣው «ተመስገን» ለአንድ የጫማ ክር ወጣው። ለማኅደረማርያም፣ ምሥጢሩን ለጠበቁለት ለአባባ ዘሥላሴ፣ ሥራውን ቀለል ወዳለ ክፍል ለቀየሩለት የፋብሪካው ሰዎች፣ ለሁሉም እየዞረ አመሰገነ። ቤዛን ለማመስገን አፉን ሲከፍት ግን የሚወጣው ሌላ ነገር ስለሆነ መልሶ ይዘጋዋል።

በሠርጉ ማግስት ሊደረግ የነበረው መልስ፣ የሙሽሪት ወላጆች ልጃቸውንና አማቻቸውን የሚጠሩበት ግብዣ፣ በወገቡ ምክንያት ተላለፈ፤ ጾሙ ገባበትና እስከ ፋሲካ ቆየ። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት የጂሙ ልጆችን የጫነ ሚኒባስ አንኮበር ወጣ። መሪጌታ በግ አርደዋል፣ ዶሮውም ሞልቷል። ወርቅአገኘሁ ደጅ ላይ ወርዶ በራሱ እግር ሲገባ እልልታው ለሙሽሪት ከተደረገው በለጠ።

ማዕዱ ከቀረበ በኋላ የቤዛ አክስት እትዬ አሰለፈች ሳህኗን አዩ። አንድ ቁራሽ እንጀራ ላይ ማንኪያ ወጥ ነበረች።

«አንቺ ልጅ፣ ብይ እንጂ! ምን ትፈሪያለሽ? ሰውየውን እንደሆነ አንዴ ሰብረሽዋል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቤዛም ሳቀች፤ ጥርሷ ብቻ ነው የሳቀው። ከዚያ ሳህኗን ቀስ አድርጋ ራቅ አደረገችው።

ወርቅአገኘሁ ያንን ሳህን ሲሄድ አየው። ተነሳ፤ በእጁም ምንም አልተደገፈም።

«እትዬ አሰለፈች፣ ቤዛ አልሰበረችኝም።»

«ኧረ ቀልዴን ነው፣ ልጄ...»

«እኔ ቀልድ አይደለም። ወገቤን የጎዳሁት ገና ማግስት ነው። መቶ ሰማንያ ኪሎ ሳነሳ። ኃይለኢየሱስ ነበረ።»

ኃይለኢየሱስ አጥንቱን ከአፉ አወጣ። «ስቀህ አልነበር እንዴ?»

«ስቄ ነበር። ሠርጉ ላይ ቀበቶ ታጥቄ፣ መድኃኒት ውጬ ነው የተሸከምኳት። አውርደኝ ብላኛለች፤ እናንተ እየቆጠራችሁ ስለነበር አላወረድኳትም። ከዚያ ሰባሪዋ ስትሏት ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። ቤዛ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

መሪጌታ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ።

«ንስሐ ለካህን ነበር የሚነገረው» አሉ፤ «አንተ ለድግስ አደረግኸው። ይሁን፣ ምስክር አይጎድልበትም።»

ሳቁ ተመለሰ። ቤዛ ግን አልሳቀችም።

«ከገና ማግስት?»

«አዎ።»

«እኔ እራቴን ስተው እያየህ?»

«እያየሁ።»

ብድግ ብላ ጓዳ ገባች። ወርቅአገኘሁ እንደቆመ ቀረ፤ ከገና ጀምሮ ካየው ሕመም ሁሉ ያቺ ደቂቃ ባሰችበት። ቤዛ ስትመለስ ሳህኗ ላይ ሁለት እንጀራ፣ ፈረሰኛውና ሁለት እንቁላል ነበረ። ጀርባዋን ለባሏ ሰጥታ ተቀመጠችና መብላት ጀመረች። አፏ ሞልቶ «አሰለፌ፣ ወጡ ግሩም ነው» አለች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለአባቷ፣ ሁለተኛውን ለአክስቷ ሰጠች። ሥጋውን ጨርሳ የጋጠችውን አጥንት ዞር ብላ ባሏ ፊት አስቀመጠች።

«በል፣ ይቺን አንሳ።»

ወርቅአገኘሁ ከዳሌው ታጥፎ፣ ጀርባውን አቅንቶ፣ አጥንቷን በሁለት እጁ አነሳ። ያን ጊዜ ነው የሳቀችው።

ማምሻ ላይ ሚኒባሱ የአንኮበርን ጠመዝማዛ ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሰ። ቤዛ መስኮቱን ተደግፋ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጥላለች፤ ትተኛ አትተኛ አይታወቅም። ልጆቹ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ወደ ኋላ ይዞራሉ። «አሰልጣኝ፣ ወገብ እንዴት ነው?» «ወርቄ፣ ወገብ ይዟል?» ሾፌሩ ሳይቀር በመስተዋቱ አይቶት «ወንድም፣ ወገብህን እንዳልጎዳው ቀስ ልበል?» አለው።

«ደህና ነው፣ እግዜር ይስጥልን» አለ ወርቅአገኘሁ። ከዚያ ሚስቱን እያየ እንዲህ አለ፦

«ከጥር ጀምሮ ያየኝ ሰው ሁሉ የኔን ወገብ ይጠይቃል። ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ ዘጠና አምስት ኪሎ ከአልጋ ያነሳው የሷ ወገብ ግን እንዴት እንደሆነ እስከዛሬ የጠየቃት የለም፤ እኔም ጭምር።»